ባቄላ የማን ቤት ናት?

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ኬጂ አስተምራለሁ። ልጆቼ አምስትና ስድስት ዓመታቸው ነው። ማክሰኞ ዕለት ከአንዱ ጋር ተከራክሬ የተሸነፍኩ ይመስለኛል። ፍርድ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።

ሦስት ሰፌድ መሬት ላይ ደረደርኩ። አንዱ ላይ «በ»፣ ሌላው ላይ «ደ»፣ ሦስተኛው ላይ «ጠ» የሚል ካርቶን ለጠፍኩ። ከቤት የለቃቀምኩትን ኮተት ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩ፦ የላስቲክ ዶሮ፣ ዳቦ፣ ጥጥ፣ በፌስታል የቋጠርኩት ጤፍ፣ ጠጠር፣ ብርጭቆ፣ ቡና፣ ባቄላ። ልጁ ሳያይ እጁን ይሰዳል፣ ይዳብሳል፣ አንዱን ያወጣል። ስሙን ይጠራል፣ በምን ድምፅ እንደሚጀምር ይናገራል፣ ከዚያ ሰፌዱ ላይ ያስቀምጣል። በጣም ወደዱት። ጤፉ ፌስታሉ ውስጥ ሲንሸራተት ጣታቸውን ይኮረኩራቸዋል መሰለኝ፣ ገና ሲነኩት ይስቃሉ።

አንዱ ልጅ ባቄላ አወጣ። በምን ይጀምራል አልኩት። «ባ» አለ። ጎበዝ፣ በል «በ» ጋ አስቀምጥ አልኩት። ሰፌዱን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ እኮ በ ነው። የኔ ባ ነው» አለኝ። አንድ ነው፣ አስቀምጥ አልኩት። ባቄላዋን ሰፌዱ ላይ አላስቀመጣትም። ከሰፌዱ አጠገብ መሬት ላይ አድርጓት ሄዶ ተቀመጠ።

ነገሩ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ጨዋታውን የወሰድኩት ለእንግሊዝኛ ፊደል ከተዘጋጀ መመሪያ ነው። እዚያ ኳሱም፣ ቦርሳውም፣ አውቶብሱም «ቢ» ቅርጫት ውስጥ ይገባሉ። እኛ ጋ ግን በግ፣ ቡና እና ባቄላ አንድ ሰፌድ ላይ ይቀመጣሉ? ልጁ ነው ልክ ወይስ እኔ?

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። በሦስት ቀን 24 መልስ መጣ። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ስለዚህ በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አፍ ልንገራችሁ።

1ኛው ዓባይ ማዶ ከምታስተምር መምህርት ነው። ሰላምታዋን አሟልታ፣ ጥያቄውን ስላነሳሁ አመስግና፣ ከዚያ ግን ሳታለሳልስ ልጁ ልክ ነው አለች። ለልጅ ጆሮ በግ የሚጀምረው በ«በ» ነው፣ ባቄላ የሚጀምረው በ«ባ» ነው፤ ሲጻፉም የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። እሷ የምትጀምረው ከዕቃ ሳይሆን ከልጆቹ ስም ነው። ቆርኪ ትሰበስባለች። በውስጡ ወረቀት ትለጥፍና የእያንዳንዱን ልጅ ስም የመጀመሪያ ፊደል ትጽፍበታለች። ጠዋት ስም መጥራት ቀርቷል። ልጁ ከሳጥኑ የራሱን ቆርኪ ፈልጎ ያወጣና ሰሌዳው ሥር ይደረድራል። የቀረ ቆርኪ ካለ የቀረ ልጅ አለ ማለት ነው። በላይነሽ እና ባንቺአምላክ የሚባሉ ልጆች አንድ ክፍል ቢገጥሙ፣ ቆርኪዎቻቸው እንደሚመሳሰሉና ግን አንድ እንዳልሆኑ ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ይደርሱበታል ብላለች።

2ኛው አባት ነው። ነገር ማወሳሰብ ነው አለ። የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ተቆጥሮ፣ አልቆ፣ ሁላችንም አንብበናል። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ታዲያ 231 ሰፌድ ልትደረድሪ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሳቅኩ። ግን ጥያቄው ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ሌሊቱን ስቆጥር ነበር።

3ኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። የቄስ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። 2ኛውን በጨዋ ቋንቋ አረሙት። መቁጠር ማለት ማዜም ብቻ አይደለም አሉ። በእጃቸው ስንጥር ነበር፤ የኔታ ፊቱ የተቀመጠ ልጅ ፊደሉን በስንጥር ሳይነካ ድምፁን ማውጣት አይፈቀድለትም። ደግሞም «ሀ ሁ ሂ» ካለቀ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይመጣል። ይሄ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ልጅ ዜማውን በቃሉ ይይዝና ዓይኑ ሌላ ቦታ እያየ ይዘልቀዋል። አቡጊዳ ቅደም ተከተሉን ያፈርሰዋል፤ ፊደሉ ከነመልኩ ካልታወቀ በዜማ ማምለጥ አይቻልም። እንግዲህ የኔታ በእጅ እየነኩ መማርን የሚያውቁት ከማንኛውም መመሪያ በፊት ነው ማለት ነው። እኔ አቡጊዳን ሁለተኛ ገበታ እንጂ መፈተኛ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር።

4ኛው አንድ መስመር ነው። በዚህ ደስ የሚል ታሪክ ውስጥ ኩርኩሙና አለንጋው የት ሄደ የሚል። እዚህ ላይ ነው የቤቱ አየር መለወጥ የጀመረው።

5ኛው ከፔዳ የተመረቀ መምህር ነው። (ለእንግዶች፦ ግቢው ፔዳ የተባለው ድሮ የፔዳጎጂ አካዳሚ ስለነበረ ነው።) ትንሽ ሌክቸር ይመስላል፣ ግን ከመልሶቹ ሁሉ የተጠቀምኩበት እሱን ነው። የእንግሊዝኛው «ቢ» ተነባቢውን ብቻ ይወክላል፤ አናባቢው ሌላ ፊደል ነው። የእኛ አንድ ፊደል ግን ተነባቢውን ከነአናባቢው ይዞ ነው የሚመጣው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ቃልን ሲሰማ መጀመሪያ የሚለየው እንዲህ ያለውን ሙሉ ቁራሽ ነው፤ ባ-ቄ-ላ ብሎ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል። ከዚያ በታች ያለውን መሰንጠቅ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ ልጁ «ባ» ያለው ስለሚሰማ ነው፤ እኔ «በ» ጋ አስቀምጥ ያልኩት ገበታውን ስለማውቅ ነው።

ታዲያ ከ«በ» እስከ «ቦ» ያሉት አንድ ቤተሰብ መሆናቸው በምን ይታወቃል? በአፍ አለ። ለየልጁ ትንሽ መስታወት ስጪ። በግ፣ ቡና፣ ቢላ፣ ባቄላ፣ ቤት፣ ብርጭቆ፣ ቦርሳ ይበሉ። ሰባቱም ሲጀምሩ ከንፈር ይገጥማል። ከዚያ ለውጡን በአፋቸው ቅርፅ ያዩታል፤ ቡ ላይ ይሾላል፣ ባ ላይ ይከፈታል፣ ቦ ላይ ይከባል። ዘመድነታቸው ከንፈር ላይ ነው። መስታወት ከሌለ አንድ ጣት ከንፈር ላይ ማድረግ ይበቃል። በመጨረሻ ቤተሰቡን ለመጥራት ከ«በ» ይልቅ «ብ» ይሻላል የሚል ሐሳብ ጣል አድርጎ ሄደ።

6ኛው እኚያው 3ኛው አዛውንት ናቸው፣ ለ4ኛው ሲመልሱ። አልካዱም። አለንጋውም ነበር፣ ጆሮም ይጠመዘዝ ነበር አሉ። ስንጥሩን እንጂ አለንጋውን ውሰዱ አላልኩም ብለው ዝም አሉ። 4ኛው አልተመለሰም።

7ኛዋ የ5ኛውን የ«ብ» ሐሳብ አረመች። ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ብ» ያለው ስድስተኛው ፊደል፣ ሁለት ጠባይ አለው። ልብ ሲባል መጨረሻው ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ብርጭቆ ሲባል ግን ትንሽ አናባቢ ያስከትላል። ሁለቱም የሚጻፉት በአንድ ፊደል ነው። ልጁን በ«ብ» ጀምረን ነገ ከነገወዲያ ልናደናግረው ነው? እሷ አክላ፣ 5ኛው መልሶ፣ 8 እና 9 በዚሁ አለቁ። ትሕትናው እየሳሳ ሄዶ 9ኛው ላይ መጽሐፍ ገልጠሽ አንብቢ ዓይነት ነገር መጣ። አልወደድኩትም፤ እሷ ያለችው እውነት ነበር።

10ኛዋ ዘጌ በኩል ታስተምራለች። የእሷን ሳነብ ሥራ ለመቀየር ሁሉ አስቤ ነበር። ካርቶን የለኝም፣ ማርከር ያልቅብኛል፣ ደንገል ግን ሞልቷል አለች። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ማለቷ ነው። ግንዱን በቁመቱ ትሰነጥቀዋለች፤ ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ ስለሆነ እርጥብ እያለ እንደፈለጉት ይታጠፋል። ልጆቹ ከዚያ ፊደል ይሠሩና በክር ያስሩታል። ሲደርቅ ቅርፁን ይይዛል። ዓይናቸውን ጨፍነው እየዳበሱ የትኛው ፊደል እንደሆነ ይገምታሉ። ጭቃም አላት። የ«በ»ን አካል በጭቃ ካበጁ በኋላ አንዲት ባቄላ የምታህል ጭቃ ይሰጣቸዋል፤ ወገቡ ላይ ስትለጠፍ «ቡ»፣ እግሩ ሥር ስትለጠፍ «ቢ» ይሆናል። እየለጠፉ ድምፁን ይጠራሉ። «ለ» ላይ ይሠራል፣ «ሰ» ላይ ይሠራል። «ሩ» ላይ ሲደርሱ እጁ ወገቡ ላይ የለም፣ ወደ ታች ወርዷል። ልጆቹ «ሩ»ን አመለኛው ብለው ስም አውጥተውለታል።

ይህችው መምህርት አንዳንዴ ጣና ዳር ወስዳ እርጥብ አሸዋ ላይ በእግር ጣታቸው እንዲጽፉ እንደምታደርግ ጨመረች። 11ኛው ወዲያው ተቆጣ። የጤና ባለሙያ ነኝ አለ። ቢልሃርዝያ የሚይዘው ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ነው፤ በቆዳ ነው የሚገባው፤ የልጅ እግር ሐይቁ ዳር የሚነከርበት ምክንያት የለም። አጻጻፉ ሸካራ ነበር፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው። እሷም አልተከራከረችም። ከአሁን በኋላ ደረቅ አሸዋ በሳፋ ክፍል ውስጥ አስገባለሁ ብላ አመሰገነችው። በዚህ ቤት ሰው ሐሳቡን ሲቀይር ያየሁት ይሄን አንድ ጊዜ ነው መሰለኝ።

12ኛዋ የኮፍያ ጨዋታ አመጣች። በክብሪት እንጨት ነው። «ሰ» ጭንቅላቷ ላይ ኮፍያ ስታደርግ «ሸ» ትሆናለች። «ተ» «ቸ»፣ «ነ» «ኘ»፣ «ከ» «ኸ» ይሆናሉ። ልጁ እንጨቷን አስቀምጦ ድምፁን ይቀይራል፣ አንስቶ ይመልሳል። «ጠ»ም «ጨ» ትሆናለች ብላ ስትጨምር 13ኛው ያዛት። «ጨ» ኮፍያ የላትም፣ የተለወጠው እግሯ ላይ ነው አለ። ጫማ አድርጋለች በይ ብሎ ራሱ አስተካከለው። ሌላም ነገር አስታወሰ። በ«ኘ» የሚጀምር ቃል ፈልጋችሁ አምጡ እስቲ? የለም ለማለት ይቀላል። ስለዚህ ለ«ኘ» የመጀመሪያ ድምፅ ጨዋታ አይሠራም፤ ዳኛ፣ መኝታ እያሉ መሃል ላይ ማደን ነው። «ዠ»ም ብዙ ቃል የላትም፤ ጅብን ዥብ የሚል ልጅ ካለሽ ግን ዕድለኛ ነሽ አለኝ። እንዲህ የሚሉ ሁለት ልጆች አሉኝ።

14ኛው በደረቁ መጣ። ይሄ ሁሉ ለሃያ ልጅ ነው፤ እኔ ጋ ከስድሳ በላይ ልጅ አለ፤ መስታወት፣ ጭቃ፣ ደንገል እያላችሁ የምትቀልዱት በማን ላይ ነው አለ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል የሚያስተምር ነው። አንድ ሰው ትምህርት ቤት ቀይር ብሎ መለሰለት (15ኛው)፤ እሱን ባያነሳው ይሻል ነበር። 1ኛዋ መምህርት በ16ኛው ተመልሳ መጣችና ነገሩን አበረደችው። እሷም ብዙ ልጅ ነው ያላት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታሠራም። ስድስት ልጅ ጭቃ ጋ፣ ስድስት ልጅ ቆርኪ ጋ፣ የቀሩት ከረዳቷ ጋር መዝሙር ይዘምራሉ ወይ ያጨበጭባሉ። አንድ ልጅ ጭቃ የሚነካው በሳምንት አንዴ ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ከምንም ይሻላል አለች። ቆርኪውን ከግሮሰሪ በነፃ ነው የምትወስደው። 14ኛው መልሶ የጻፈው አንድ ቃል ነው፦ እሞክራለሁ።

ከ17 እስከ 20 ያለው ከርዕሱ ወጣ። አንዱ የከተማችን ስም በየትኛው «ህ» ይጻፋል ብሎ ጠየቀ። እኔ «ባሕር ዳር» ብዬ ስጽፍ ስላየ ነው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ያመጣው ወረቀት ላይ «ባህር ዳር» ይላል። ከዚያ «ዓባይ» እና «አባይ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ተከተሉ። አንዱ ሞክሼ ፊደል ይወገድ አለ። ሌላው ቅርስ የሚወገደው አንተን አስወግደን ነው አለው። ሁለቱም ልጅ የሚያስተምሩ አይመስለኝም። በመሃል አንዲት ብልህ ሴት የተናገረችውን ብቻ ላንሳው። ለድምፅ ጨዋታ ከሆነ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» እና «ኸ» አንድ ሰፌድ ላይ ናቸው፣ ጆሮ አይለያቸውም። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። ዓይን በኋላ ይለያቸዋል። ይህን ሲያደርጉ 33ቱ ቤት 27 ይሆናል። 2ኛው አባት ከየት እንደመጣ ሳላውቅ 27 ሲባዛ በሰባት 189 ነው ብሎ ጻፈ።

21ኛዋ እናት ናት፣ በግል ጉዳይ ነው የመጣችው። ልጇ «ቀ»ን «ከ»፣ «ጠ»ን «ተ» ይላል፤ ቀረሶን (ዓሣውን) ከረሶ ይለዋል፣ እቤት ሁሉም ይስቅበታል። 5ኛው መምህር እዚህ ላይ ለዘብ ብሎ መለሰ (22)። መጀመሪያ ሳቁን አቁሙ አለ። ከዚያ የልጁን መዳፍ አፉ ፊት ያዢለት። «ከ» ሲል ትንፋሹ መዳፉ ላይ ይሰማዋል። «ቀ» ሲባል ግን ጉሮሮ ተዘግቶ ድምፁ እንደ መሰበር ብሎ ነው የሚወጣው፣ ያ ትንፋሽ የለም። መጀመሪያ አንቺ በይና መዳፉን ያንቺ አፍ ጋ ያምጣ። «ተራ» እና «ጠራ» እያላችሁ ተጫወቱ። ካልሆነ ለባለሙያ አሳዪው፤ ግን አትቸኩዪ። ይህ ሰው 9ኛው ላይ ያን የጻፈው ራሱ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር።

23ኛው ባጃጅ ነጂ ነው። ሴት ልጁን ጠዋት ከፊት አስቀምጦ ሲያደርስ በየሱቁ በር ላይ የስሟን ፊደል ታድናለች። መብራት ላይ ሲቆም እሱም ይጠይቃታል። አንድ ቀን የራሱን ባጃጅ ጥቅስ አነበበችለት፤ ፊደል ተሳስቶ እንደተጻፈ የነገረችው እሷ ናት። ጥቅሱ ምን እንደሚል አልነገረንም። አምስት ሰው ለመነው።

24ኛው የእኔ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰፌዶቹን ተውኩ። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሰባት ክፍል ያለው ትልቅ ቤት ሣልኩ፣ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱበትን ዓይነት። በየክፍሉ «በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ» ጻፍኩ። 231 ሰፌድም 189ም አላስፈለገም፤ ቤቱ አንድ ነው፣ በየሳምንቱ ፊደሉን ደምስሼ ሌላ ቤተሰብ አስገባለሁ። ልጆቹ ከማዳበሪያው ዕቃ እያወጡ፣ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ ክፍሉ ድረስ ወስደው ያስቀምጣሉ። የክብሪት ቀፎ ቤት ሆነ። ቢላዋ የፕላስቲክ ናት።

ያ ልጅ ተራው ሲደርስ እጁን ሳይሰድ ባቄላዋን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። አራት ዘለለ፣ አስቀመጣት፣ ዞሮ አየኝ። ልክ ነህ፣ ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ቦታው ሄደ።

ትናንት ደግሞ የ«አ»ን ቤት ሣልኩ። ከወረቀት የቆረጥኩትን አምባዛ አወጣ። «አ» አለ። የመጀመሪያው ክፍል ሄዶ ቆመ፣ የተጻፈውን አነበበ። አራተኛው ጋ ሄዶ «ኣ»ን አነበበ። ሁለቱን ጮክ ብሎ ደገማቸው፤ ያው ናቸው። ዓሣውን እንደያዘ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። እናንተዬ፣ አሁን ምን ልበለው?